ስለ ኤሌክትሪክ ፍሰትና ስለ ኃይሉ መንገድ

ወደ ውኃ ወፍጮ ቤት ገብቶ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ከወንዝ ተጠልፎ በቦይ የመጣው ውኃ መዘውሩን መትቶ ከሥር ሲወጣ፥ ከገባው አንዲት ጽዋ እንኳ አልጐደለም፤ እህሉ ግን ተፈጭቷል። እንግዲያስ ውኃው ለወፍጮው የሰጠው ምንድን ነው? ራሱን አልሰጠም፤ የሰጠው ከከፍታ ወደ ዝቅታ በመውረዱ ያገኘውን ኃይል ነው። ውኃው መንገዱን ይቀጥላል፥ ኃይሉ ግን በድንጋዩ ዘንድ ይቀራል።

የኤሌክትሪክም ነገር ይህን ይመስላል። ብዙ ሰዎች ኮረንቲ በአንዱ ሽቦ መጥቶ በአምፑሉ ውስጥ ተቃጥሎ የሚያልቅ፥ ሁለተኛውም ሽቦ ባዶ የሆነ ይመስላቸዋል። ይህ አሳብ ስሕተት ነው፤ ሰውንም እስከ ሞት ያደርሳል። በአንዱ ሽቦ የሄደው ፍሰት ሁሉ በሁለተኛው ሳይጐድል ይመለሳልና። የመመለሻው ሽቦ ቢቈረጥ አምፑሉ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ፥ «መብራቱ ጠፍቷልና ኮረንቲ የለም» ብሎ በመሬት ላይ ቆሞ ከአምፑሉ ወገን ያለውን ጫፍ በእጁ የያዘ ሰው፥ እርሱ ራሱ የመመለሻ መንገድ ይሆናል።

የፍሰቱን አቅጣጫ በስም ለመለየት መሠረት የጣለው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። እርሱ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1747 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ ሲመራመር፥ ኤሌክትሪክ በነገር ሁሉ ውስጥ የሚገኝ አንድ ረቂቅ ፈሳሽ ነው ብሎ አሰበ፤ ፈሳሹ የተረፈበትን አካል በመደመር ምልክት፥ የጐደለበትንም በመቀነስ ምልክት ጠራው። ብርጭቆ በታሸ ጊዜ ትርፉ በብርጭቆው ላይ ይሆናል አለ። ትርፉ በማን ዘንድ እንደ ሆነ በዐይን የሚታይ ነገር አልነበረምና ግምቱ እንደ ዕጣ ነበረ፤ ዕጣውም ሳተ። በ1897 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆዜፍ ጆን ቶምሰን ኤሌክትሮን የተባለውን እጅግ ረቂቅ ቅንጣት ገለጠ። ከዚያም በኋላ በሽቦ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ይህ ቅንጣት እንደ ሆነ፥ የሚሄደውም ከመቀነስ ጫፍ ወደ መደመር ጫፍ እንደ ሆነ ታወቀ።

ሊቃውንቱ ግን የፍራንክሊንን ስም አልለወጡም። ይህንም ያደረጉት ስሕተቱን ለመሸፈን አይደለም፤ ለተማሪ ሁሉ በግልጥ ይነገራልና። ጉድለት ወደ ግራ ቢሄድ ትርፍ ወደ ቀኝ እንደ ሄደ ይቈጠራል፤ ስሌቱም ትክክል ይወጣል። ደግሞም በባትሪ አሲድ ውስጥ የሁለቱም ዓይነት ቅንጣቶች በየፊናቸው ይጓዛሉ።

ሊሳት የማይገባው የኃይሉ መንገድ ነው። በዚህ ልማድ መሠረት ፍሰቱ በመደመር ጫፍ የሚገባበት ዕቃ ኃይል ይቀበላል፤ ፍሰቱ በመደመር ጫፍ የሚወጣበት ዕቃ ኃይል ይሰጣል። የመኪና ባትሪ ሞተሩን ሲያስነሣ ሰጪ ነው፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ዲናሞው ሲሞላው ያው ባትሪ ተቀባይ ይሆናል። 12 ቮልት ይዞ 5 አምፔር የሚገባበት ባትሪ 60 ዋት ይቀበላል። ነገር ግን ቸኵሎ የመሙያውን ሽቦዎች አዛውሮ የሚያስር ሰው አለ፤ ያን ጊዜ መሙያውና ባትሪው መገፋፋታቸው ቀርቶ በአንድ ወገን ይገፋሉ። ሽቦው ይግላል፥ ብልጭታም ይወጣል፤ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ከፈነዳ አሲዱ ዐይን ያጠፋል።

በየቤቱ የሚገባው ኮረንቲ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በኢትዮጵያ በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ሄዶ ይመለሳል፥ ይኸውም 100 ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣል ማለት ነው። የአምፑሉ ኃይል ግን ወደ መጣበት አይመለስም። ፍሰቱ ሲገለበጥ የሚገፋውም ቮልት አብሮ ይገለበጣልና፥ የሁለቱ ብዜት እንደ ቀድሞው ወደ አምፑሉ ያመለክታል፤ መጋዝ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሲሳብ እንጨቱን እንደሚቈርጥ ነው።

ኤሌክትሮኖቹማ ባትሪ በሚገፋቸው ሽቦ ውስጥ እንኳ ከቀንድ አውጣ ይልቅ ያዘግማሉ። ማብሪያው ሲነካ ብርሃኑ ወዲያው የሚታየው ኃይሉ በእነርሱ ጀርባ ተጭኖ ስለማይመጣ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሄንሪ ፖይንቲንግ በ1884 ዓ.ም. እንዳስረዳው፥ ኃይሉ የሚጓዘው በሽቦው ዙሪያ ባለው ባዶ ስፍራ ነው፤ ፍጥነቱም ወደ ብርሃን ፍጥነት ይቀርባል። በ1960 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቆቃ ግድብ የአዋሽ ውኃ መዘውሩን ሲያዞር፥ ኃይሉ ወደ ሩቅ ከተማ በቅጽበት ይደርሳል። በዚያ ቤት ባለው አምፑል ክር ውስጥ የሚንቀጠቀጡት ኤሌክትሮኖች ግን ከቆቃ የመጡ አይደሉም፤ አምፑሉ ከሱቅ ሲገዛም በክሩና በሽቦው ውስጥ ነበሩ።