ዓይኔ ዴንማርክ፣ መንገዴ ጉዛራ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። እንደ ልማዴ ስልኬ ላይ አፍጥጬ የዴንማርኩን ኤግስኮቭ ግንብ ቪዲዮ አያለሁ። በ1554 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ውሃ ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ የተሠራ ግንብ ነው። “አንድ ቀን ሄጄ ባየሁት!” እያልኩ እመኛለሁ።

አጠገቤ የተቀመጡ አባት ስክሪኑን አየት አደረጉና፣ “ልጄ፣ ይሄ የት አገር ነው?” አሉኝ። ነገርኳቸው። እንፍራንዝ ስንደርስ ኮረብታውን በጣታቸው አሳዩኝ።

“ያንንስ አይተኸዋል?”

አላየሁትም። ጎንደር ተወልጄ ባሕር ዳር ነው የተማርኩት፤ በዚያ መንገድ ስንቴ እንዳለፍኩ ቁጥሩም ጠፍቶኛል። አፈርኩ። “ወራጅ አለ!” አልኩ።

ግንቡ ጉዛራ ይባላል። ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርጸ ድንግል እንዳሠሩት ይታመናል። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት ደግሞ በ1636 ነው። በግንብ ሥራ ስሙ የሚነሳው ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እንኳ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው። ግንብ ሲባል ከፋሲል ግቢ የጀመረ ይመስለን ለነበርን ሰዎች ትልቅ ትምህርት ነው። ዩኔስኮም በ1979 ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጉዛራን አብሮ መዝግቦታል።

አቀበቱን እያለከለኩ ወጣሁት። ድንጋይና ኖራ፣ ክብ ማማ፣ ጣሪያ አልባ ክፍሎች። ዞር ስል ሜዳው ተዘርግቶ፣ ከማዶ ጣና ያበራል። ንጉሡ ቦታውን ለምን እንደመረጡት ለማወቅ አስጎብኚ አላስፈለገኝም።

ግድግዳው ላይ ግን ስሞች ተጭረዋል። ልራገም አፌን ስከፍት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ለጉብኝት በሄድንበት የድሮ ግንብ ላይ፣ በምስማር ስሜን የጫርኩት እኔው ነኝ። የስንት ዘመን ዝናብ ያላነሳውን ኖራ በአንድ ደቂቃ ላጥኩት። ያኔ ጀግንነት ነበር የመሰለኝ።

እናንተም ሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፣ ውሃ ያዙ፣ የአካባቢው ሰው አብሯችሁ ይውጣ፤ ግድግዳው ላይ አትንጠላጠሉ። ስማችሁን መጻፍ ካማራችሁ ደግሞ ፎቶው ሥር ጻፉት።