ቅኝትና ጆሮ

በጉና ግርጌ፥ በደብረ ታቦር፥ ክራር ደርዳሪ ለትዝታ፥ ለባቲ፥ ለአምባሰልና ለአንቺ ሆዬ አውታሩን የሚቃኘው በጆሮው ነው። ይህን በፒያኖ መዝኖ «ስሕተት ነው» የሚል ቢኖር ፍርዱ የችኮላ ነው። በፒያኖ ከአንድ ወፍራም ድምፅ እስከ ቀጭን አቻው ያለው ርቀት በ12 እኩል ክፍል ስለሚከፈል፥ ከአቻው በቀር ፍጹም የጠራ ስምምነት አይገኝበትም። የቀድሞዎቹ አውሮፓውያን ግን አንዳንዱን ስምምነት አጥርተው ሌላውን ሻካራ ይተዉት ነበር። ባክም በ1722 (እ.ኤ.አ.) «በሚገባ ለተቃኘ» መሣሪያ ሲደርስ የፈለገው በ12ቱም መነሻዎች የሚያጫውት ቅኝት ነው፤ ይህም የግድ እኩል መሆን አያሻውም። ስለዚህ እኩልነት አንድ ምርጫ እንጂ የድምፅ ሕግ አይደለም። ልጆቻችን ፒያኖ ይማሩ፤ የክራሩን ጆሮ ግን በፒያኖ ሚዛን እንዳናርመው እንጠንቀቅ።