መኪናው ቤንዚን ሲሸት፦ ከካርቡሬተሩ በፊት ቱቦውን

አሮጌ መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ አንዳንዴ ከሁሉም ቀድሞ የሚቀበለው የቤንዚን ሽታ ነው። ሻጩ «የአሮጌ መኪና ጠባይ ነው፣ ይለመዳል» ይላል። ደላላውም ይህንኑ ያጸናል። ገዢው ወይ ነገሩን ንቆ ይገዛል፣ ወይ ደግሞ «ካርቡሬተሩ አልቋል» ብሎ ከዋጋው ላይ ብዙ ያስቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። ጤነኛ መኪና 40 ዓመት ቢሞላውም እቤቱ ውስጥ ቤንዚን አይሸትም። ከሸተተ ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የደረቀ ቱቦ፣ የላላ ፋሸታ ወይም ያረጀ የነዳጅ ክዳን ጎማ ሆኖ ይገኛል።

ጉዳዩ ለገበያው ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በመሆኑም ቀድሞ የገቡት ዲኤክስ ኮሮላና ቮልስ የመሳሰሉት መኪኖች እየተጠገኑ መሥራታቸው የግድ ሆኗል። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው በደረጃ እየተነሳ በመምጣቱም የሚንጠባጠብ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ገንዘብ ነው። በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል መኪና በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1 ሊትር በላይ ያፈስሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ጉዳዩ የሕይወት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ መሬት ለመሬት ተስቦ በጋራዥ ጉድጓድና በግቢ ጥግ ይጠራቀማል። በአየር ውስጥ ከ2 በመቶ ያነሰ ትነት መኖሩ ብቻ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። መኪናው አጠገብ ቡና የሚፈላበት ከሰል፣ ሲጋራ ወይም የባትሪ ብልጭታ ካለ አደጋው ቅርብ ነው። በዚያ ላይ ቤንዚን ውስጥ ቤንዚን የተባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል ስላለ፣ መስኮት ተዘግቶ ሕፃናት ከኋላ ተኝተው በሚሸት መኪና መጓዝ ራስ ከማሳመም የከፋ ጉዳት አለው።

ሽታው የሚመጣበት ሰዓት

መፍትሔው የሚጀምረው ዕቃ በመግዛት ሳይሆን ሽታው መቼ እንደሚመጣ በመመዝገብ ነው። ሰዓቱ ቦታውን ይናገራልና።

ነዳጅ በተቀዳ ማግሥት ብቻ የሚሸት ከሆነ ችግሩ ያለው በጋኑ የላይኛው ክፍል ነው። የክዳኑ ጎማ፣ ነዳጁ ከአፉ ወደ ጋኑ የሚወርድበት ወፍራም ቱቦ፣ ቀጭኑ የአየር ቱቦና የነዳጅ መለኪያው የተቀመጠበት ጎማ በቅደም ተከተል ይታያሉ። ጋኑ ግማሽ ሲደርስ ሽታው ከጠፋ ጥርጣሬው ይረጋገጣል። ቮልስ ጋኑ ከፊት ኮፈን ሥር ስለሆነ ሽታው የሚመጣው ከሾፌሩ ፊት ነው፤ ሞተሩ ግን ከኋላ ነው። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ሞተሩን በከንቱ ያስፈታል።

መኪናው ቆሞ አድሮ ጠዋት የሚሸት ከሆነ አንድ ቦታ ላይ የሚንጠባጠብ ነገር አለ ማለት ነው። ማታ ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ ማንጠፍ ይረዳል። ቤንዚን ቶሎ ስለሚተን ካርቶኑ ጠዋት ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን ቢጫ ወይም ቡናማ ምልክት ትቶ ይሄዳል። በቱቦና በብረት መገናኛ ላይ የሚታየው እንዲህ ያለ ነጠብጣብም የቆየ ፍሳሽ ምስክር ነው።

ሞተሩ ሲሠራ ብቻ የሚሸት ከሆነ ከቤንዚን ፓምፑ እስከ ካርቡሬተሩ ያለው መስመር ይፈተሻል። ፓምፑ ነዳጁን ገፍቶ የሚልክበት መስመር ስለሆነ ትንሹ ስንጥቅ እንኳ ይረጫል። ከጋኑ እስከ ፓምፑ ያለው መስመር ግን ሞተሩ ሲሠራ ስለሚሳብ ብዙ ጊዜ ከማፍሰስ ይልቅ አየር ያስገባል። እንዲህ ሲሆን መኪናው ዳገት ላይ ይተፋል፣ ጉልበት ያጣል።

ሞተሩ ጠፍቶ ገና ትኩስ ሳለ የሚሸት ከሆነ ያን ጊዜ ካርቡሬተሩ ይጠረጠራል። በውስጡ የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቀው ተንሳፋፊና መርፌው ከተበላ ነዳጁ ከልኩ አልፎ ይፈስሳል። የአዲስ አበባ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ቤንዚኑ በትኩስ ሞተር ላይ ቶሎ ይፈላል፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተርም ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል።

ሽታው ከጭስ ማውጫው ከሆነና ጭሱ ከጠቆረ፣ ለጠዋት ማስነሻ የሚሳበው ሾክ ሳይመለስ ቀርቶ እንደሆነ በመጀመሪያ ይታይ። ከዚያ ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ይከተላሉ።

የዘይት መለኪያው ምስክርነት

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ምርመራ አለ። የሞተሩን ዘይት መለኪያ ስቦ ማሽተት ነው። የአሮጌ ኮሮላ ዓይነት መኪናዎች የቤንዚን ፓምፕ ሞተሩ ጎን ላይ ተጣብቆ በሞተሩ እንቅስቃሴ የሚሠራ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው የጎማ ሽፋን ሲቀደድ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ዘይት ይገባል። ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ካለና ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩ ሊነሳ አይገባም። የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይጠብቅም፤ የርካሽ ፓምፕ ጉዳይ የሞተር ሙሉ እድሳት ሆኖ ይመጣል። ፓምፑ ሲቀየር ዘይቱም ከነፊልትሮው አብሮ መቀየር አለበት።

ጥገናው በቅደም ተከተል

ፍተሻው የሚካሄደው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ደጅ ላይ፣ የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ተፈትቶና የእሳት ማጥፊያ ቀርቦ ነው። ሞተር እየሠራ መታየት ያለበትን ነገር ለማየትም እጅን ሳያስገቡ በባትሪ መብራት መመልከት ይበቃል። በክብሪትና በላይተር ማብራት የሚደፍር ካለ ከአካባቢው ይራቅ።

ወጪው ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሂድ፦ በመጀመሪያ የክዳኑ ጎማ፣ ቀጥሎ ቱቦዎችና ፋሸታዎች፣ ከዚያ የካርቡሬተሩ መርፌና ጓርኒሲዮን፣ ከዚያ ፓምፑ፣ በመጨረሻ ጋኑ። ብዙ ባለንብረቶች ከመካከሉ ወይም ከመጨረሻው ስለሚጀምሩ ካርቡሬተር ቀይረውም ሽታው እንዳለ ይቀራል።

ቱቦ ሲገዛ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ጥያቄው ውፍረቱ ብቻ መሆን የለበትም። የውኃ ቱቦ ቤንዚን ውስጥ ያብጣል፣ ይላላል። መስታወት የመሰለው ፕላስቲክም በሙቀት ደርቆ ይሰነጠቃል። ነዳጅን ለመቋቋም የተሠራና ይህም በላዩ የተጻፈበት ቱቦ ይመረጣል። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በቤንዚን ላይ 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ሲጀመር ለእርሱ ያልተሠሩ የቀድሞ ጎማዎች ተፈትነዋል። ስለዚህ ኢታኖልን የሚቋቋም ቱቦ መጠየቅ አይከፋም። አንዱ ቱቦ ከተሰነጠቀ የዕድሜ እኩዮቹም ስለደረሱ በአንድ ጊዜ መቀየር ይበጃል።

ካርቡሬተር የሌላቸው፣ በኢንጀክሽን የሚሠሩ መኪናዎች ጉዳይ ለየት ይላል። መስመራቸው ውስጥ ያለው ግፊት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ባር ሲሆን ከካርቡሬተሩ አሥር እጥፍ ገደማ ነው። የካርቡሬተር ቱቦ እዚያ ላይ ከተገጠመ አንድ ቀን ይፈነዳል። ግፊቱ ሳይለቀቅ መስመሩን መፍታትም ቤንዚን በዓይን ውስጥ ያስረጫል።

የቮልስ ባለቤቶች ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን አጭር የነሐስ ቧንቧ በተለይ ይመልከቱ። ይህ ቧንቧ በጊዜ ብዛት ከመቀመጫው ላልቶ ይወጣል። ቤንዚኑ በትኩስ ሞተርና ብልጭታ ባለበት ዲስትሪቢዩተር ላይ ሲፈስስ መኪናው በደቂቃዎች ውስጥ ይነዳል።

ጋኑ ከቀደደ መንገድ ላይ ሳሙና መለጠፍ የታወቀ ዘዴ ነው። ቤንዚን ሳሙናን ስለማያሟሟ ለጊዜው ይይዛል፤ ግን ጋራዥ ለመድረስ ያህል እንጂ እንደ ጥገና አይቆጠርም። ከዚህ የሚብሰው ባዶ ጋን መበየድ ነው። ባዶ የሚባለው ጋን በትነት የተሞላ በመሆኑ ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል። ተፈትቶ፣ ደጋግሞ ታጥቦና ትነቱ ተወግዶ፣ በዚህ ሥራ በተካነ ባለሙያ እጅ ካልሆነ በቀር መሞከር የለበትም።

ለገዢና ለሻጭ

ሻጭ ሽታውን በሽቶ ከመሸፈኑ በፊት ቱቦዎቹን ቢያስቀይር ይጠቀማል። የጥገናው ወጪ ገዢው በፍርሃት ከሚያስቀንሰው ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ገዢም ሞተሩ በደንብ ታጥቦ፣ መኪናው ውስጥ ሽቶ ተርከፍክፎና ጋኑ ሊያልቅ ደርሶ ካገኘው ይጠንቀቅ፤ ሦስቱም ሽታን የሚደብቁ ናቸው። ሻጩን አስፈቅዶ ጋኑን መሙላት፣ መኪናውን ግማሽ ሰዓት መንዳት፣ አጥፍቶ ሩብ ሰዓት መጠበቅና ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ማሽተት ነው። የዘይት መለኪያውንም ሳያሸት ገንዘብ አይቁጠር።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ማረጋገጫው ያው አፍንጫ ነው። ጋኑ በተሞላ ማግሥት ጠዋት፣ ግቢው ሳይነቃ በሩ ሲከፈት ምንም የማይሸት ከሆነ ሥራው ተሠርቷል። ጥቂት እንኳ ከሸተተ ገና አልተሠራም፤ «ይለመዳል» የሚለው ቃልም ለቤንዚን አይሠራም።