የኔትዎርክ አዙሪትና የስዊች መጨናነቅ
የንግድ ቤትን ሥራ የሚያስታጉል ሥውር ጠንቅና መከላከያው

ንግድ በቀድሞው ዘመን በሚዛን፥ በመዝገብና በቃል እምነት ይካሄድ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን በእነዚህ ላይ አራተኛ መሣሪያ ተጨምሯል፤ ይኸውም የንግድ ቤቱን ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸውና ከውጭ ጋራ የሚያገናኘው የኔትዎርክ መሥመር ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ትንሹ ባለሱቅ ሳይቀር ገንዘብ በስልክ ይቀበላል፤ አስመጪውም ለዕቃው የሚያስፈልገውን ፈቃድ በኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ይጠይቃል። ስለዚህ መሥመሩ ሲታወክ የሚጎዳው ኮምፒዩተሩ ብቻ አይደለም፤ ሽያጩ ይዘገያል፥ ደረሰኝ ይቆያል፥ በሞጆ ደረቅ ወደብ የተቀመጠው ዕቃም ሰነዱ እስኪያልቅ ድረስ ባለበት ይቆማል።

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፥ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ እስከ ቤቴል ድረስ፥ ንግድ በየጊዜው እየሰፋ የሚሄድ ነው። ሱቁ በምድር ቤት፥ ቢሮው በፎቅ፥ መጋዘኑ ደግሞ በጓሮ የሆነ ነጋዴ መሥመሩን አንድ ጊዜ አቅዶ አይዘረጋም፤ ሠራተኛ ሲጨመር አንድ ገመድ፥ ካሜራ ሲተከል ሌላ ገመድ እያለ ይቀጥለዋል። እንዲህ ተቀጣጥሎ ያደገ መሥመር ለአንድ የተለየ በሽታ የተጋለጠ ነው፤ ባለሙያዎች ሉፕ ይሉታል፤ በአማርኛ አዙሪት ቢባል ጠባዩን በሚገባ ይገልጸዋል።

አዙሪቱ እንዴት ይፈጠራል?

ስዊች የሚባለው መሣሪያ የኮምፒዩተሮቹ ገመዶች ሁሉ የሚሰበሰቡበት ማከፋፈያ ነው። ከአንዱ ቀዳዳ የገባውን መልእክት አድራሻውን አይቶ ወደሚገባው ቀዳዳ ይሰደዋል። ነገር ግን ለሁሉም የሚነገር መልእክት ደግሞ አለ፤ ለምሳሌ አንድ ኮምፒዩተር ማተሚያውን ሲፈልግ «ይህ ቁጥር ያለው ማን ነው?» ብሎ እንደ አዋጅ ነጋሪ ይጮኻል። ስዊቹም ይህን ጩኸት ከመጣበት በቀር በቀሩት ቀዳዳዎች ሁሉ ያስተጋባዋል።

አሁን የአንዱ ገመድ ሁለት ጫፎች በስሕተት በአንድ ስዊች ላይ ቢሰኩ፥ ወይም ሁለት ስዊቾች በሁለት ገመድ ቢገናኙ፥ ጩኸቱ በአንዱ ወጥቶ በሌላው ይመለሳል፤ ተመልሶም እንደ ገና ይሰራጫል። መኪና ወደ ማዞሪያ ገብቶ መውጫ እንደሚያጣ፥ በዞረ ቁጥርም ሁለትና ሦስት እየሆነ እንደሚበዛ ቢታሰብ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በኢንተርኔት የሚጓዝ መልእክት የዕድሜ ልክ ተወስኖለታል፤ በየጣቢያው አንድ አንድ እየተቀነሰ ባዶ ሲሆን ይጣላል። በስዊቾች መካከል የሚዞረው መልእክት ግን እንዲህ ያለ ልክ የለውም፤ ገመዱ እስኪነቀል ድረስ ሲዞር ይኖራል። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መሥመር እስከ 148,800 የሚደርሱ ትንንሽ መልእክቶች በአንድ ሴኮንድ ሊያልፉ ስለሚችሉ፥ መንገዱ ወዲያው ይጣበብና ለሥራው መልእክት ቦታ ይጠፋል።

የአዙሪቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። ቤት የሚጠርግ ሰው ወድቆ ያገኘውን የገመድ ጫፍ ይሰካል። የቢሮ ስልክ ሁለት ቀዳዳ ስላለው ሁለቱም ከግድግዳው ጋራ ይገናኛሉ። የዋይፋይ ማራዘሚያ በአየርም በገመድም ከአንድ መሥመር ጋራ ይያያዛል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ፥ መሥመሩ የዘገየበት ሠራተኛ ጥፋቱ የገመዱ መስሎት ነቃቅሎ ያለ ቦታው ይመልሰዋል።

ፕሮሰሰሩ ስለምን ይጨናነቃል?

በስዊች ውስጥ ሁለት ሥራ ለየብቻ ይሠራል። መልእክት የማሳለፉን ሥራ የሚፈጽመው ለዚሁ የተሠራ ፈጣን ክፍል ነው፤ ፕሮሰሰሩ ግን እንደ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ አስተዳደሩን ይመለከታል። ለሁሉም የሚነገር ጩኸት የራሱ አድራሻ ላለው ስዊችም የሚመለከተው ስለ ሆነ አንድ ግልባጭ ወደ ፕሮሰሰሩ ይወጣል። አዙሪት ሲነሣ እነዚህ ግልባጮች እየጎረፉ ሥራ አስኪያጁን ያጣድፉታል፤ የሥራው ጫናም ከመቶ 90 በላይ ይደርሳል።

ከዚህ የሚብስ ሁለተኛ ጉዳት አለ። አዙሪትን ለመከላከል የተሠራው ስፓኒንግ ትሪ የተባለው ሥርዓት፥ እ.ኤ.አ. በ1985 ራዲያ ፐርልማን በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ሳሉ የፈለሰፉት፥ ከሁለት መንገዶች አንዱን ዘግቶ ለመጠባበቂያ ያኖረዋል። ስዊቾቹም በየ2 ሴኮንዱ አጭር ማስታወቂያ ይለዋወጣሉ። ፕሮሰሰሩ ተጨናንቆ ይህን ማስታወቂያ ለ20 ሴኮንድ ያህል ሳይቀበል ቢቀር፥ ጎረቤቱ የሞተ ይመስለውና ዘግቶት የነበረውን መንገድ ይከፍታል። እንግዲህ ጠባቂው ራሱ በሩን ከፈተ ማለት ነው፤ አዙሪቱም እጥፍ ይሆናል።

የቦስተን ሆስፒታል ትምህርት

ይህ ጥፋት ትንንሽ ሱቆችን ብቻ የሚያገኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002፥ ማለት በኅዳር 1995 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ የሚገኘው ቤዝ እስራኤል ዲኮነስ የተባለው ታላቅ ሆስፒታል መሥመሩ ለቀናት ታውኮበት፥ ሐኪሞቹና ነርሶቹ ወደ ወረቀት ለመመለስ ተገድደው ነበር። መነሻውም አንድ የምርምር ሠራተኛ የተጠቀመበት ፕሮግራም መሥመሩን በመልእክት ማጥለቅለቁ ነው። መሥመሩ በየጊዜው እየተቀጠለ ስላደገ የስዊቾቹ ሰንሰለት ለስፓኒንግ ትሪ ከሚመከረው የ7 ስዊች ርዝመት አልፎ ነበር፤ መከላከያውም ሊሠራ አልቻለም። ሆስፒታሉ የደረሰበትን ሳይደብቅ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን በይፋ ገልጿል። ተቀጣጥሎ የሚያድግ መሥመር ያለው ነጋዴ ሁሉ ከዚህ ሊማር ይገባዋል።

ችግሩ ሲደርስ ምን ይደረግ?

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራት መድኃኒት አይደለም። ጩኸቱ ለጥቂት ጊዜ ይበርዳል፤ ገመዱ ግን በቦታው ስላለ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ቢሆን ይበጃል።

አንደኛ፥ የስዊቹን መብራቶች መመልከት። የሁሉም ቀዳዳዎች መብራት አንድ ላይ ያለ ዕረፍት ቶሎ ቶሎ ቢብለጨለጭና ኮምፒዩተሮቹ ሥራ ፈትተው ሳሉም ባይበርድ፥ አዙሪት ለመኖሩ ጠንካራ ምልክት ነው።

ሁለተኛ፥ ስዊቹ የሚታዘዝ ዓይነት ከሆነ፥ ባለሙያው በኮንሶል ገመድ በቀጥታ ገብቶ የፕሮሰሰሩን ጫና ያንብብ። በሲስኮ መሣሪያዎች ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ጠቅላላው ጫና፥ ሁለተኛው ከመሥመሩ በሚጎርፉ መልእክቶች ምክንያት የመጣው ነው። ሁለተኛው ከፍ ያለ ከሆነ ጥፋቱ በመሥመሩ ላይ ይፈለጋል። የመጀመሪያው ብቻ ከፍ ብሎ ሁለተኛው ዝቅ ያለ ከሆነ ግን በስዊቹ ውስጥ ከሚሠሩት ፕሮግራሞች አንዱ ሥራ አብዝቷል ማለት ነው። እንዲሁም በመሣሪያው መዝገብ ላይ የአንድ ኮምፒዩተር አድራሻ አንዴ በአንዱ ቀዳዳ አንዴ በሌላው እየታየ የሚዋልል ከሆነ አዙሪት ስለ መኖሩ ጥርጥሩ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፥ ስዊቾቹን እርስ በርስ የሚያገናኙትን ገመዶች አንድ በአንድ መንቀል። ከመንቀል አስቀድሞ እያንዳንዱ ገመድ የነበረበት ቀዳዳ በወረቀት ይጻፍ። አንዱ ተነቅሎ መብራቶቹ ሲረጉ ጥፋቱ ከዚያ ገመድ ወዲያ ባለው ክፍል ነው ወይም ገመዱ ራሱ ትርፍ መንገድ ነው። በዚያ ክፍል ያሉትም ቀዳዳዎች እንደዚሁ ተራ በተራ ይፈተሻሉ።

አራተኛ፥ ጥፋተኛው ገመድ ከተገኘ በኋላ ሌሎቹን አንድ በአንድ እየመለሱ ጥቂት መጠበቅ። ሁሉን በአንድ ጊዜ መመለስ ሁለተኛ አዙሪት ቢኖር ይሸፍነዋል።

አዙሪት ሳይኖርም ፕሮሰሰር ሊጨናነቅ እንደሚችል አይዘነጋም። በቫይረስ የተያዘ ኮምፒዩተር ያለ ማቋረጥ አድራሻ ሲፈልግ፥ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም በየጊዜው ጥያቄ ሲያበዛ፥ ወይም የጥበቃ ካሜራዎች ሥዕል ያለ ሥርዓት ወደ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሲሰራጭ ተመሳሳይ ምልክት ይታያል። በዚህ ጊዜም ገመድ በገመድ እየለዩ መሄዱ መነሻውን ያሳያል።

ለመከላከልና ለመግዛት

ባለሙያ ሲቀጠር ሦስት ነገር ይጠየቅ። ስፓኒንግ ትሪ እንዲበራና የመሥመሩ ዋና ስዊች በእጅ እንዲወሰን፤ ይህ ካልተደረገ ዋናነቱ በአድራሻ ቁጥር ትንሽነት ስለሚሰጥ አሮጌውና ደካማው ስዊች ሊመረጥ ይችላል። ሁለተኛ፥ ኮምፒዩተር ብቻ በሚሰካበት ቀዳዳ ላይ ሌላ ስዊች ቢሰካ ቀዳዳው ራሱን እንዲዘጋ። ሦስተኛ፥ የጩኸት መልእክት ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ እንዲታገድ። በዚህ ላይ በገመዶቹ ሁለት ጫፍ ቁጥር መለጠፍና የመሥመሩን ሥዕል በወረቀት ማኖር ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ ጥበቃ ነው።

መሣሪያውን ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ነጋዴዎችም የሚነገር አለ። የማይታዘዘው ርካሽ ስዊችና የሚታዘዘው ስዊች በመልክ አንድ ቢመስሉም በሥራ አንድ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ርካሾች ስፓኒንግ ትሪ የላቸውም። ይህን ልዩነት ለገዢው አስቀድሞ ማስረዳት ደንበኛን የሚያጸና ቅን ንግድ ነው። ገዢውም በበኩሉ የዋጋውን ልዩነት፥ ሱቁ ለግማሽ ቀን ያለ ሽያጭ ቢውል ከሚያጣው ገንዘብ ጋራ ያመዛዝን። ሒሳቡን በገዛ መዝገቡ ላይ ቢያወጣው የትኛው ርካሽ እንደ ሆነ ራሱ ይፈርዳል።