የቅርጫት ኳስ ቡድን እንዲያሠለጥን ለታዘዘ ጀማሪ



አንድ ወጣት መምህር ወይም የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ተመድቦ በሄደ በጥቂት ሳምንት ውስጥ «አንተ ከተማ ያደግህ ነህና የቅርጫት ኳሱን ቡድን ያዝልን» ቢባል አያስደንቅም። ጨዋታውን በተማሪነቱ ጊዜ ጥቂት ተጫውቶት ይሆናል፤ ማሠልጠን ግን ሌላ ሙያ ነው። የዛሬው ንግግራችን እንዲህ ያለው ሰው ከየት እንደሚጀምር ለማስረዳት ነው።

አስቀድመን የሚያጽናናውን እንንገረው። ይህን ጨዋታ የፈለሰፈው ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ የካናዳ ተወላጅ መምህር ነው። በታኅሣሥ ወር 1884 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ብርዱ ከደጅ ያስቀራቸውን 18 ተማሪዎች ለማጫወት ሁለት የኮክ ቅርጫት ከሰገነት ላይ ሰቀለ፤ 13 ደንብም ጻፈ። ኋላም የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው አሠልጣኝ ሆኖ 55 ጊዜ አሸነፈ፤ 60 ጊዜ ተሸነፈ። የጨዋታው አባት ራሱ ከድሉ ሽንፈቱ ከበለጠ፣ ጀማሪው በመጀመሪያው ዓመት ቢሸነፍ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። አገራችንም ለዚህ ጨዋታ አዲስ አይደለችም፤ በ1954 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው በመጀመሪያው የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ከተወዳደሩት 5 አገሮች አንዷ ነበረች።

አሁን ወደ ሜዳው እንሂድ። በደንቡ መሠረት ሜዳው 28 ሜትር በ15 ሜትር ነው፤ የቅርጫቱም ቀለበት ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በገጠር ግን ሜዳው አፈር የሆነ እንደ ሆነ፣ ቀዩ የጎጃም መሬት በበጋ ሲጠነክር ኳስ ያነጥራል፤ ክረምት ሲገባ ኳሱ እዚያው ጭቃው ላይ ይቀራል። ስለዚህ አሠልጣኙ ከልጆቹ ቀድሞ ደርሶ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ይሂድበት፤ ጠጠሩንም ይልቀም። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሮጦ በድንገት እንዲቆም አይታዘዝም። ይህ ልጅ ከትምህርት በኋላ በእግሩ ረጅም መንገድ ተጉዞ ወደ መንደሩ የሚመለስ፣ በመኸርም አባቱን የሚያግዝ ነው፤ ጉልበቱ ቢጎዳ ጉዳቱ የቤተ ሰቡ ሁሉ ይሆናል።

ብዙ ጀማሪዎች ረጃጅሞቹን መርጠው ወዲያው ወደ ቅርጫት ማስወርወር ይጀምራሉ። ይህን የምናገረው እኔም ስላደረግሁት ነው። አንድ አጭር ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሜዳው ዳር ቆሞ የወጣ ኳስ ሲመልስ ቈይቶ ቀረ። በኋላ በገና ጨዋታ ላይ አየሁት፤ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ባዶውን ቦታ አይቶ ሩሯን የሚጠብቃት እርሱ ነበረ። ሄጄ ብለምነውም አልተመለሰም።

የገጠር ልጅ ከገና ጨዋታ ብዙ ነገር ይዞ ይመጣል፤ መሮጥን፣ ወገን ለይቶ መከላከልን ያውቃል። የሚከብደው ገላን አለመንካቱ ነው። በገና ጌታውም ሎሌውም ይመታል፤ በቅርጫት ኳስ ግን 5 ጥፋት የሠራ ተጫዋች ከጨዋታው ይወጣል። ስለዚህ መከላከልን ሲያስተምር «እጅህን ሳይሆን እግርህን አንቀሳቅስ፤ በሰውየውና በቅርጫቱ መካከል ቁም» ይበል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚለመደው ግን መቆምና ማቀበል ነው። ሮጦ ኳስ የተቀበለ ልጅ ሳይወድቅ እንዲቆም፣ አንዱን እግር ተክሎ በሌላው እንዲዞር ይለማመድ። ቀጥሎም ኳስ ማንጠር ክልክል ነው ብሎ ያጫውታቸው። የሚያነጥር ጀማሪ ዓይኑ መሬት ላይ ነው፤ የሚያቀብል ግን ጓደኛውን መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ለ15 ልጅ አንድ ኳስ ብቻ ቢኖር የጨርቅ ኳስ ይሰፋ፤ አይነጥርም እንጂ ለመወርወርና ለመቅለብ ይበቃል። ወደ ቅርጫት መወርወርም ከአንድ እርምጃ ርቀት ይጀምር፤ ከዚያ ሳይስት ሲያገባ ወደ ኋላ ይራቅ።

በጾም ወራት እስከ 9 ሰዓት እህል ያልቀመሰ ልጅ ሩጫ አይጨመርበትም፤ በዚያ ቀን ዛፍ ጥላ ሥር ደንብ ማስተማር ይሻላል።

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሁለቱም ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስለ ሆኑ ለመጀመሪያ ግጥሚያ የተመቹ ናቸው። ጨዋታው እያንዳንዱ 10 ደቂቃ የሆነ አራት ክፍል አለው። አሠልጣኙ ማን በየትኛው ክፍል እንደሚገባ ከቤቱ ጽፎ ይምጣ፤ መዝገብ መያዝ ለመንግሥት ሠራተኛ አይከብደውምና። በአንድ ደቂቃው ዕረፍትም አንድ ነገር ብቻ ይንገራቸው፤ ሦስት ነገር የተነገረው ልጅ አንዱንም አይዝም። የኳሱን መንፊያ ደግሞ በሣጥን ቈልፎ ቁልፉን ለሁለት ሰው ይስጥ፤ በአንድ ሰው ኪስ ያለ ቁልፍ፣ ያ ሰው ወደ ደብረ ማርቆስ በሄደ ቀን ልምምዱን ያስቀራል።