«አበባ» የሚባለው ገንዘብ

ጃፓን ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን መኪናና ሬዲዮ ነው። የሰፈራቸውን በዓል ግን እምብዛም አናውቀውም። በዓሉ «ማትሱሪ» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚከበረውም በሰፈሩ የሺንቶ ቤተ መቅደስ ነው። ታዲያ ወጪውን ማን ይችላል?

በናጋሳኪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1634 የተጀመረ «ኩንቺ» የተባለ በዓል አለ። ጊዜው በአውሮፓውያን ኦክቶበር ከ7 እስከ 9 ነው። የከተማው ሰፈሮች በየሰባት ዓመቱ ተራ እየደረሳቸው ጭፈራ ያቀርባሉ። ከቤተ መቅደሱ ሲወጡ በየሱቁና በየቤቱ ደጃፍ አጠር ያለ ጭፈራ ያሳያሉ፤ ባለቤቱም ገንዘብ ይሰጣል። ገንዘቡ «ሃና»፣ ማለትም አበባ ይባላል። ስሙ እንዴት ያምራል! ልብሱና ልምምዱ ብዙ ወጪ ስላለበት አበባው ለዚያ ይረዳል።

ገንዘቡ ታዲያ እንዲያው ከኪስ ተመዞ አይሰጥም። በቀይና በነጭ ክር ባጌጠ ፖስታ ይገባል። ኖቱ አዲስ ቢሆን ይመረጣል። ለለቅሶ ግን አዲስ ኖት ነውር ነው፤ ሞቱን ሲጠብቁ ያዘጋጁት ያስመስላላ! 4 እና 9ን ይሸሻሉ፤ የአራት ድምፅ ከ«ሞት»፣ የዘጠኝ ደግሞ ከ«ሥቃይ» ጋር ይገጥማል። በእነሱ ጽሕፈት አንድ በአንድ ጭረት፣ ሁለት በሁለት ጭረት ስለሚጻፍ፣ ሰው ጭረት ጨምሮ እንዳያጭበረብር በፖስታው ላይ ጭረቱ የበዛውን ምልክት ይጽፋሉ። ሒሳብ ለምናስተምር ሰዎች ይህ ደስ የሚል ነገር ነው።

በብዙ ቦታ የሰጪው ስም፣ አንዳንዴም መጠኑ፣ በወረቀት ወይም በሳንቃ ተጽፎ ይሰቀላል። ነገሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። የጎረቤቱን 10,000 የን ተሰቅሎ ያየ ባለሱቅ እንዴት 3,000 ይስጥ?

የጃፓን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ማንም ሰው በሃይማኖት ሥርዓት እንዲካፈል አይገደድም ይላል። ይሁንና በቶሱ ከተማ አንድ የሰፈር ማኅበር የቤተ መቅደሱን ወጪ ከአባልነት ክፍያው ጋር ቀላቅሎ ይሰበስብ ነበር። ይህን አንከፍልም ያሉ ነዋሪዎች ጉዳዩን ወደ ሳጋ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2002 አሰባሰቡ ሕገ ወጥ ነው አለ። የሕዝብ ተመራጮችም ለምርጫ ክልላቸው በዓል ገንዘብ እንዳይሰጡ በሕግ ተከልክለዋል፤ አበባው ድምፅ መግዣ እንዳይሆን።

እኛስ? ስሙ ይሰቀል፣ መጠኑ ግን ይቅር ብለን ልንስማማ ነበር። ከመካከላችን አንዱ «መጠኑ ካልተጻፈ ገንዘብ ያዡ ስንት እንደተቀበለ በምን ይታወቃል?» አለን። እስካሁን መልስ አላገኘንለትም።