ስብሰባችንን ማን ይይልን?

አንባቢ ሆይ! በመጨረሻ የተገኙበትን የዕድር ስብሰባ እስቲ ያስታውሱ። ጥሪው ለ3 ሰዓት ነበር፤ የተጀመረው ግን በስንት ሰዓት ነው? የተናገሩትስ እነማን ናቸው? የተወሰነውን እንዲፈጽም የታዘዘው ማን ነው? መልሱ ካልመጣልዎ አይጨነቁ፤ ብቻዎን አይደሉም።

በኮልፌ ቀራንዮ፥ ከአጠና ተራ እስከ ቤቴል፥ ከአየር ጤና እስከ ካራ ቆሬ፥ ዕድር የሌለበት መንደር ማግኘት ያስቸግራል። በጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ በአዲስ አበባ የተስፋፋው ይህ ማኅበር ድንኳን ይተክላል፥ ወንበር ይደረድራል፥ ሐዘንተኛ ያጽናናል። በቀብር ቀን የሚያኮራን ዕድር ግን በስብሰባ ቀን ብዙ ጊዜ ያሳፍረናል።

በሰፈራችን ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት «አባልነቱ ወደ እኔ ይዛወርልኝ» ብለው በስብሰባ ላይ ጠየቁ። ስለ ጠፉ ድስቶች ክርክር ተነሣና ጥያቄያቸው ሳይወሰን ሰዓቱ አለቀ። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ወር እኒያ እናት ቀሩ። ክፉ ያሰበባቸው ሰው አልነበረም። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ነገር ግን አላስተዋልሁም።

«መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላል ያገራችን ሰው። ለዕድር ከጎረቤት ዕድር የተሻለ መካር ከየት ይገኛል?

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ዕድሮች ይስማሙና አንዱ ወደ ሌላው ስብሰባ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይልካል። እንግዶቹ ድምፅ አይሰጡም፤ በክርክርም አይገቡም። አራት ነገር ብቻ ይጽፋሉ፦ ስብሰባው የተጠራበትንና የተጀመረበትን ሰዓት፤ የተናገሩትንና ዝም ያሉትን ቁጥር፤ እያንዳንዱ ጉዳይ የወሰደውን ጊዜ፤ ለእያንዳንዱ ውሳኔ ፈጻሚና ቀን መቆረጡን። በመጨረሻ ዐሥር ደቂቃ ይሰጣቸዋል። መጀመሪያ ያማረውን፥ ቀጥሎም መታረም ያለበትን አንድ ወይም ሁለት ነገር ይናገራሉ። ባለቤቶቹ መከላከያ ሳያቀርቡ በቃለ ጉባኤ ይመዘግባሉ። በሚቀጥለው ወር ተራው የእነርሱ ነው።

ይህን የመሰለ ልማድ በሌላም አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራልፍ ስሜድሊ የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ፥ በሳንታ አና ከተማ ወወክማ ቤት ውስጥ፥ ቶስትማስተርስ የተባለውን የንግግር ማኅበር መሠረተ። በዚህ ማኅበር አንዱ አባል ሰዓት ይይዛል፤ ሌላው ተናጋሪውን፥ ሦስተኛው መላውን ስብሰባ ተመልክቶ አስተያየት ይሰጣል። ተራው ስለሚዞር የዛሬው መርማሪ ነገ ተመርማሪ ነው፤ ስለዚህም አንደበቱን ይቆጥባል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በመሥሪያ ቤት ያገለገሉ ታላላቆቻችን «ግምገማ» ሲባል ይደነግጡ ይሆናል፤ የሰው ጥፋት በጉባኤ ፊት ሲዘረዘር አይተዋልና። እዚህ ግን የሚታየው ስብሰባው እንጂ ሰው አይደለም። «ሊቀ መንበሩ አምባገነን ናቸው» አይባልም፤ «በሁለት ሰዓት ውስጥ ከኋላ ከተቀመጡት አንድም አልተናገረም» ይባላል እንጂ።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚል ተረት የሚጠቅስ አይጠፋም። እንግዲያው ጎረቤቷም መጥታ የእርሷን ታማስልላት!

አንባቢ ሆይ፥ መጻፍና ሰዓት መቁጠር የሚችል ሰው ከእርስዎ ወዲያ ማን አለ? በመጪው የዕድር ቀን እርሳስዎን ይዘው ይሂዱ። ማን እንደ ተናገረ ብቻ ሳይሆን፥ ማን እንደ ቀረም ይጻፉ።